ሰነድ የማመሳከር ሥራ ለሰው ይተርፋል ወይ?

የሳቢያን ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ሰነድ አመሳካሪ ሆኜ እሠራለሁ። ከጅቡቲ ወደብ ለሚገባ ዕቃ የተዘጋጀው ዲክላራሲዮን (የዕቃ ማስታወቂያ ቅጽ) ለጉምሩክ ከመቅረቡ በፊት የሻጩን ኢንቮይስ (የሽያጭ ዋጋ ሰነድ) ከፓኪንግ ሊስቱ (የጥቅል ዝርዝር)፣ ፓኪንግ ሊስቱን ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ ሦስቱንም ደግሞ ባልደረቦቼ ከሞሉት ዲክላራሲዮን ጋር መስመር በመስመር ማመሳከር የእኔ ድርሻ ነው። ክብደቱ፣ የጥቅሉ ብዛት፣ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ የታሪፍ ቁጥሩ፣ ዕቃው የተሠራበት አገር፣ የገንዘቡ ዓይነትና መጠን፣ የአስመጪው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሁሉም በእኔ እጅ ያልፋል። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ዕቃው ይቆማል፤ ዕቃው በቆመ መጠን የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይ እየቆጠረ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ቅጣት ይከተላል።

በቅርቡ የድርጅታችን ባለቤት፣ ሰነዶቹ ስካን ተደርገው ሲሰጡት አንብቦ ልዩነታቸውን በቀይ የሚያሳይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አምጥተዋል። ጥሩ ይሠራል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ማኅተም የተረገጠበትን የቻይና ፋብሪካ ኢንቮይስ ሳይቀር እኔ መነጽሬን እስካስተካክል ድረስ አንብቦ ይጨርሰዋል። ባለቤቱ ማንንም የመቀነስ ሐሳብ እንደሌላቸው ነግረውናል፤ እኔ ግን በሒሳብ አያያዝ የማስተርስ ትምህርት ለመጀመር ገንዘብ እያጠራቀምኩ ስለሆነ፣ ከመክፈሌ በፊት የሚመለከተው ሰው ሐሳብ ብሰማ ይሻለኛል ብዬ ነው የጻፍኩት። ስህተት ፈልጎ ማግኘት ራሱን ችሎ ሙያ ሆኖ ይቀጥላል ወይስ የፕሮግራሙ ሥራ ሆኖ ይቀራል? በባንክ፣ በኦዲት፣ በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ሰዎች በየቦታችሁ የምታዩትን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። «አይዞሽ፣ ምንም አይፈጠርም» የሚለውን ከቤተሰቦቼ በቂ ያህል ሰምቻለሁ።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፣ ከዚራ

ልጄ፣ እዚህ ከተማ አንቱታ እንደማይበዛ ስለምታውቂ በድሬ ልማድ አንቺ እያልኩ እጽፍልሻለሁ።

እኔ ሥራ ስጀምር ወረቀት የሚተፋ የመደመሪያ መኪና ነበረን። አንዱ ሠራተኛ ሌጀሩን (የሒሳብ መዝገቡን) በእጁ ይጽፋል፣ ሌላው ይደምራል፣ ሦስተኛው ያንኑ ዓምድ ከታች ወደ ላይ እንደገና ደምሮ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል። የሦስተኛው ሰው ሥራ ዛሬ አንቺ ከምትሠሪው ጋር አንድ ነበር። ትራያል ባላንሱ፣ ማለትም የዴቢትና የክሬዲት ድምር ማመሳከሪያው፣ አልገጥም ሲል ልዩነቱን ለ9 እናካፍለዋለን፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ አንድ ሰው ሁለት አሃዞችን አገላብጦ ጽፏል ብለን እንጠረጥራለን። 4,572 ሊባል የሚገባው 4,752 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 180 ነው፤ 180 ደግሞ 9 ጊዜ 20 ነው። ለ9 ካልተካፈለ ልዩነቱን ለሁለት ከፍለን ያንኑ መጠን በመዝገቡ ውስጥ እንፈልጋለን፤ ከተገኘ ዴቢት መሆን ያለበት ክሬዲት ላይ ገብቷል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በቢሮው ውስጥ ይከበር ነበር።

በኋላ ኤክሴልና ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ሲመጡ ይህ ጥበብ በአንድ ጊዜ ዋጋ አጣ። ሲስተሙ ያልተመጣጠነ ሒሳብ አልቀበልም ይላልና የሚያሳድደው ልዩነት የለም። በአሜሪካም ቪዚካልክ የተባለው የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ በ1979 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት መዝገብ ጸሐፊዎች ሲቀንሱ የሒሳብ ባለሙያዎች ግን በዝተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መደመር ሲረክስ፣ ስለ ተደመረው ነገር የሚጠየቀው ጥያቄ በዛ።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። ሲስተሙ ያልተመጣጠነ ሒሳብ አይቀበልም፤ የተመጣጠነ ውሸት ግን ይቀበላል። በአንድ መሥሪያ ቤት በክፍያ መርማሪነት ስሠራ የስምንት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ክፍያ ቀረበልኝ። የግዢ ትእዛዙ፣ የሻጩ ደረሰኝና የዕቃ ገቢው ሞዴል 19 በብዛትም በዋጋም በቀንም ይገጥማሉ፤ ፊርማውም ማኅተሙም የተሟላ ነው። ዛሬ ያንቺ ፕሮግራም ቢያየው «ልዩነት የለም» ብሎ በአረንጓዴ ያሳልፈዋል፤ የሚያሳልፈውም ትክክል ሆኖ ነው፣ በወረቀቶቹ መካከል በእርግጥ ልዩነት አልነበረምና። እኔ ግን መጋዘኑን አውቀዋለሁ። ግማሹን የያዘው የተበላሸ ጄኔሬተርና የድሮ ጎማ ነው፤ የቀረው ቦታ ያን ያህል ሲሚንቶ ሊይዝ አይችልም። ተነሥቼ ሄጄ ቆጠርኩ፤ የሆነውን ለአንባቢ ግምት እተዋለሁ።

ስለዚህ ወረቀትን ከወረቀት ጋር ብቻ የሚያመሳክር ሰው ሥራው ወደ ፕሮግራሙ መሄዱ የማይቀር ነው፤ ይሂድም። በየቅጻችን ግርጌ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው የሚሉ ሦስት የፊርማ መስመሮች አሉ። መካከለኛው መስመር ላይ ስንት ሰው ሳያይ ሲፈርም እንደኖረ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ እናውቃለን። ማስተርሱን በተመለከተ፣ የምትማሪው ሒሳብ አያያዝን እንደ መዝገብ አጻጻፍ ከሆነ ገንዘብሽን አስቀምጪ፤ በኦዲት ወይም በግብር ላይ ያተኮረ ከሆነ ግን ተማሪ።

ገንደ ቆሬ ኮድ

የጋሼን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ለነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያና የሽያጭ ፕሮግራሞችን እሠራለሁ። ከእሳቸው ጋር የምስማማበት ብዙ ቢሆንም ትንሽ ጨከን ያለ ነገር መጨመር አለብኝ።

በመጀመሪያ፣ እህቴ የዘረዘረችው ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። የኮንቴይነር ቁጥርን እንውሰድ። አራት የላቲን ፊደላት፣ ስድስት አሃዞች፣ በመጨረሻ አንድ የማረጋገጫ አሃዝ አለው። ለእያንዳንዱ ፊደል የተወሰነ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ከዚያም በየቦታው ያለው ዋጋ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያለ እጥፍ እየሆነ በሚሄድ ቁጥር ይባዛል፤ ድምሩ ለ11 ሲካፈል የሚቀረው ቁጥር የመጨረሻው አሃዝ መሆን አለበት፣ ቀሪው 10 ከሆነ ደግሞ 0 ይጻፋል። አንድ ሰው አንዱን አሃዝ ቢያሳስት ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጠዋል። ይህን ለመሥራት ሰው ሠራሽ አስተውሎት አያስፈልግም፤ በኤክሴል ውስጥ በአንድ ቀመር ይሠራል። ቀረጡ፣ ኤክሳይስ ታክሱ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ሱር ታክሱ አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ የሚሰላውም እንዲሁ በሲስተም ከሆነ ቆይቷል። ይህን መሰሉን ምርመራ ማሽን የወሰደው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መወራት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ማንም አላለቀሰለትም።

አዲሱ ነገር እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ፣ ከቻትጂፒቲ ወዲህ የመጣው ነው፤ ቅርጹ ከፋብሪካ ፋብሪካ የሚለያይን ሰነድ እንደ ሰው አንብቦ «ይህ ጠቅላላ ክብደት ነው፣ ያኛው የተጣራ ክብደት ነው» ብሎ መለየት። የአንቺን ወንበር የሚነካው ይህ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከቢሮ ጽሕፈትና መዝገብ ሥራ ተግባራት መካከል 24 በመቶው ለዚህ ቴክኖሎጂ በከፍተኛ ደረጃ፣ ሌላው 58 በመቶ ደግሞ በመካከለኛ ደረጃ የተጋለጠ ነው፤ በሌሎች የሙያ ዘርፎች በከፍተኛ ደረጃ የተጋለጠው ድርሻ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ጥናቱ የቆጠረው ተግባራትን ነው እንጂ ሰዎችን አይደለም። ቢሆንም አምስት ሰው የሚሠራው ሥራ ተግባሩ ግማሽ ሲሆን ባለቤቱ አምስቱንም ያቆያል ብዬ አላምንም።

ትንቢት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚህ ሙያ ስሙ ከፍ ያለው ጄፍሪ ሂንተን እ.ኤ.አ. በ2016 የራጅ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከአሁኑ መቆም አለበት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር። አምስቱ ዓመት ካለፈ ቆይቷል፤ የራጅ ሐኪሞች ዛሬም ይፈለጋሉ። ምስል ማየት የሥራቸው አንድ ክፍል ብቻ ነበርና።

ወደ ፕሮግራሙ ድክመት ልምጣ። እነዚህ ሞዴሎች ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመገመት የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ የደበዘዘ ቁጥር ሲያጋጥማቸው አንዳንዴ «አልታየኝም» በማለት ፈንታ የሚመስል ቁጥር ይሞላሉ። ሰው የማይነበብ ነገር ሲያገኝ ደውሎ ይጠይቃል፤ ማሽኑ ግን ሳያፍር ይሞላል፤ የሞላውም ከሌላው ጋር ተመሳስሎ ስለሚቀመጥ ዓይን አይስበውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች በቻትጂፒቲ ያዘጋጁትን አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቅርበው፣ የተጠቀሱት የቀድሞ ፍርዶች ጨርሶ የሌሉ ሆነው በመገኘታቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ከዚያ በላይ አሳሳቢው ያንኑ ሰነድ ሁለት ጊዜ ብትሰጪው ሁለት የተለያየ መልስ ሊሰጥሽ መቻሉ ነው፤ በሒሳብ ምርመራ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላው አደጋ ያለው በማሽኑ ሳይሆን በእኛ በኩል ነው። ማክዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ሙከራ፣ ራዳር ተመልካች እንደሚያደርገው አልፎ አልፎ የሚከሰት ምልክትን እንዲጠብቁ የተደረጉ ሰዎች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከመጀመሪያው ይበልጥ ማለፍ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። ፕሮግራሙ መቶ ሰነድ አይቶ ዘጠና ዘጠኙ ትክክል ሲሆን፣ መቶኛውን የምትጠብቀው ሰው የምትሆነው ይህችኑ ራዳር ተመልካች ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እመክራለሁ። የፕሮግራሙን መልስ ከማየትሽ በፊት በናሙና የወሰድሻቸውን ሰነዶች ራስሽ መርምሪ፤ ባለቤቱም ሆን ተብሎ የተሳሳቱ ሰነዶች በየጊዜው እንዲገቡ ያድርጉ፣ ፕሮግራሙም ሰውም በዚያ ይለኩ።

የሁሉ ዋናው ግን የስህተት መዝገብ ነው። ያገኘሽውን ስህተት ሁሉ ጻፊ፤ ምን ዓይነት እንደነበረ፣ ከየትኛው ሰነድ እንደመጣ፣ ምን ብለሽ እንደጠረጠርሽው፣ ሳይታይ ቢያልፍ ምን ያስከትል እንደነበር። እንዲህ ያለ መዝገብ የያዘ የትራንዚት ቢሮ በከተማችን ብዙ አላየሁም። ፕሮግራሙ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው የሚታወቀው ከዚህ መዝገብ ጋር ተመዝኖ ነው፤ መዝገቡን የያዘው ሰው ደግሞ በቀላሉ አይባረርም።

ሸዋ በር፣ ሐረር

እኔ በሐረር በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። የእናንተ ውይይት ስለ ቁጥር ነው፤ በእኛ ዘንድ ትልቁ ስህተት በስምና በቀን ላይ ነው። እዚያ ላይ ማሽኑ የሚሳሳተው ሰው ከሚሳሳተው በተለየ መንገድ ነው።

በአንድ የስም ዝርዝር ውስጥ ኃይሌ፣ ሃይሌ፣ ሀይሌ ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። አሕመድና አህመድም እንዲሁ። ሐሰንና ሑሴን ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም መንታ ወንድማማቾች ናቸው። የተወለዱበት ቀን አንድ፣ አባታቸው አንድ፣ አያታቸው አንድ፣ እናታቸው አንድ፣ ቀበሌያቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በሁለት ሆሄ ነው። የተደጋገመ ምዝገባ እንዲለይ የተሞከረ አንድ ፕሮግራም እነዚህን መንትዮች «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል» ብሎ ሲያወጣ፣ ኃይሌንና ሀይሌን ደግሞ ሁለት ሰው አድርጎ አልፏቸዋል። ለሐረር ሰው ይህ ስህተት ሊያልፈው የሚችል አይደለም፤ መንታ ሲወለድ ስሙ ከመውጣቱ በፊት ያውቀዋልና።

በዚህ ላይ የቋንቋው ብዛት አለ። በክልላችን የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ ነዋሪው አማርኛም ሶማሊኛም ይናገራል፤ የአረብኛ ምንጭ ያለው ስም ደግሞ በሁሉም ውስጥ ይገኛል። አንዱ ስም በቁቤ ሲጻፍ፣ በሳባ ፊደል ሲጻፍና ፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስት መልክ ይይዛል። ጽሑፍ የሚያርመው ማሽን ብዙ ጊዜ ያየውን ስም ትክክል፣ እምብዛም ያላየውን ስም ስህተት አድርጎ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ብርቅ የሆነውን የቤተሰብ ስም ሳይጠይቅ ወደ ተለመደው ይለውጠዋል። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ የአባቱ ስም ከአባቱ መታወቂያ ጋር አይገጥምም። ያንን ለማስተካከል የሚጠየቀውን ማስረጃና ምልልስ ያየ ሰው «ትንሽ የፊደል ስህተት ነው» አይልም።

ስለ ቀንም ልናገር። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ብዙ ሰው የልደት ቀኑ በግምት የተሞላ ነው። መስከረም 1 ቀን የተወለደው ሰው ብዛት ለማሽን የማጭበርበር ምልክት ሊመስለው ይችላል፤ እኛ ግን ቀኑን የማያውቅ አዛውንት ሲመጣ የዓመቱ መጀመሪያ እንደሚጻፍለት እናውቃለን። ጳጉሜን 6 የሚል ቀን ሲያይ ስህተት ነው የሚል ፕሮግራምም አለ፤ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ እንደምትመጣ፣ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. እንደነበረች የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ለትራንዚት ሰዎችም ይህ ነገር ይመለከታችኋል፦ ጳጉሜን 6 ከነበረች በኋላ ያለው ዓመት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ነው እንጂ 11 አይደለም፤ እስከ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ድረስ ቀን ስትለውጡ በአንድ ቀን ትዛነፋላችሁ።

ይህን ሁሉ የምለው ማሽኑን ለማጣጣል አይደለም። የእናት ዕድሜ ከልጅ የሚያንስበት ቅጽ፣ የሞት ቀን ከልደት ቀን የሚቀድምበት ቅጽ፣ በአንድ ጠቅታ ተለቅሞ ሲወጣ እፎይ ብያለሁ። ፋይዳም በየቦታው እየተሠራበት ሲሄድ አንድን ሰው ከሌላው ለመለየት በስም ፊደል ላይ ያለን ጥገኝነት ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

መጋላ ባንክ ቤት

ጋሼን አከብራለሁ፤ ግን መዝገብ ጸሐፊው ቀንሶ ባለሙያው በዛ የሚለው ታሪክ ግማሹ ብቻ የተነገረ ይመስለኛል። በእኛም ዘርፍ የሚወደድ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። የመጀመሪያው የገንዘብ መክፈያ ማሽን (ኤቲኤም) እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ሲተከል የባንክ ገንዘብ ከፋይ አለቀለት ተባለ፤ በአሜሪካ ግን ቅርንጫፍ መክፈት ስለረከሰ ቅርንጫፉ በዝቶ የከፋዮቹ ቁጥር ለአሥርት ዓመታት አልቀነሰም። ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። ቀጥሎ የሆነው ስልኩ መምጣቱ ነው፤ ደንበኛው ወደ ቅርንጫፍ መሄዱን ሲቀንስ ከፋዩም መቀነስ ጀመረ። እኛም አገር ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የመስኮቱ ሰልፍ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናየዋለን።

እኔ የምሠራው የሒሳብ ማስታረቅ ክፍል ውስጥ ነው። ማንም አልተባረረም። ነገር ግን አንድ ሰው ሲዛወር ወይም ሲለቅ ቦታው አይተካም። ድሮ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ የሚጀምረው ቲኬት የምንለውን የዴቢትና የክሬዲት ወረቀት ከአቻው ጋር በማጣመር ነበር፤ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አንድ ዓመት እንደሠራ የትኛው ቅርንጫፍ ምን ዓይነት ስህተት እንደሚያበዛ፣ የትኛው ሒሳብ በወር መጨረሻ እንደሚያብጥ ሳይነገረው ያውቃል። አሁን ያንን ማጣመር የሚሠራው ሲስተሙ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው ያልገጠመው ብቻ ነው፤ ያልገጠመውን ለመፍታት ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ይፈለጋል። ልምዱ የሚገኝበት ሥራ ግን የለም።

ጋሼ መጋዘኑን ያወቁት ብዙ ትክክለኛ ቫውቸር ካዩ በኋላ ነው። ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ መጋዘኑን ማን ያሳየዋል? እህቴ፣ ላንቺ እንኳ ብዙ አልሰጋም፤ ገብተሻል። የምሰጋው በዚህ ዓመት ለሚመረቁት ነው።

የሳቢያን ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የስህተት መዝገቡን ጀምሬዋለሁ። ከአሁኑ አንድ ነገር ታይቶኛል፤ ፕሮግራሙ የሚያወጣው ስህተት ብዙው ኪሎና ቶን መቀላቀል፣ የላኪው ስም በሁለት ዓይነት መጻፍ፣ የጥቅል ብዛት አለመግጠም ነው። እነዚህን እኔም ሲደክመኝ አልፋቸው ነበር። የሚያመልጠው ሌላ ነው። ኢንቮይሱ «የመኪና መለዋወጫ» ብሎ በጅምላ የጻፈውን እሱ በመለዋወጫ አንቀጽ በ8708 ሥር ተመዝግቦ ሲያይ ገጥሟል ይላል። አስመጪውን ስለማውቀው ደውዬ ስጠይቅ ከካርቶኖቹ ግማሹ የጎማ ጋስኬት ነው፤ ጋስኬት ደግሞ ለመኪና ቢውልም በታሪፍ ደንቡ ከመለዋወጫ ወጥቶ ከጎማ ውጤቶች ጋር በ4016 ነው የሚመደበው። ወረቀቱ ላይ ጋስኬት የሚል ቃል የለም፤ ስለዚህ በፕሮግራሙ አልፈርድም።

አሁን የገጠመኝ ጥያቄ የፊርማው ነው። ባለቤቱ ፕሮግራሙ «ልዩነት የለም» ያለውን ሰነድ እንደገና ሳላይ እንድፈርም ይፈልጋሉ፤ ጊዜ ለመቆጠብ ነው፣ ሐሳባቸው ይገባኛል። ግን ስሜ ያለው «ያረጋገጠው» በሚለው መስመር ላይ ነው። ይህን እንዴት ታዩታላችሁ?

ገንደ ቆሬ ኮድ

በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ለዲክላራሲዮኑ ትክክለኛነት የሚጠየቀው አቅራቢው ነው፤ «ፕሮግራሙ ነው ያለው» የሚል መከላከያ እዚያ ውስጥ አላየሁም። ማሽን አይሳሳትም ብሎ መነሣት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ በእንግሊዝ ፖስታ ቤት ታይቷል። ሆራይዘን የተባለው የሒሳብ ሲስተም የሌለ ጉድለት እያሳየ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ የፖስታ ቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆትና በሒሳብ ማጭበርበር ተፈርዶባቸዋል፤ ፍርዱን በጅምላ የሻረው ሕግ የወጣው በ2024 ነው። ያ ሲስተም ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንኳ አልነበረም፤ ተራ የሒሳብ ፕሮግራም ነበር።

ስለዚህ ሁለቱን ሥራ በቅጹ ላይ ለዩት። «በፕሮግራም የታየ» የሚል አዲስ መስመር ይጨመር፤ ቀኑና የፕሮግራሙ መልስ እዚያ ይጻፍ። «ያረጋገጠው» የሚለው ላይ አንቺ የምትፈርሚው ራስሽ ያየሽውን ብቻ ይሁን። የትኛው ሰነድ በሰው መታየት አለበት የሚለውን ደግሞ በስህተት መዝገብሽ ወስኑ፤ በጅምላ የተጻፈ የዕቃ ስም፣ አዲስ አስመጪ፣ ከተለመደው የወጣ ዋጋ፣ ደብዛዛ ስካን ያለበት ሁሉ ፕሮግራሙ አረንጓዴ ቢያሳይም ወደ አንቺ ይምጣ። የቀረው በናሙና ይታይ። ባለቤቱ የሚፈልጉት ጊዜ አብዛኛው በዚህ ይቆጠባል።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፣ ከዚራ

የኮዱ ልጅ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው፤ ለባለቤቱ በቃል አትንገሪ። አጭር ደብዳቤ ጻፊ፤ «ከዚህ ቀን ጀምሮ በፕሮግራም ብቻ ታይተው ያለፉ ሰነዶች በእኔ ፊርማ እንዳልተረጋገጡ ይታወቅልኝ» በይ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥር አሰጥተሽ ቅጂውን ያዢ። መጋላ ባንክ ቤት ያነሣውን ጉዳይም በዚያው ደብዳቤ አንሺው፤ በናሙና የሚታየውን ሰነድ አንድ አዲስ ተመራቂ ከጎንሽ ተቀምጦ እንዲያይ ጠይቂ። ደመወዙ ብዙ አይደለም፣ ባለቤቱም እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።